ብዙ ቃላትን በአንድ ግሬፕ መፈለግ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከሎግ ፋይል (ፕሮግራም የሠራውን ከሚመዘግብበት ፋይል) ውስጥ «ስህተት» ወይም «ማስጠንቀቂያ» የሚል ቃል ያለባቸውን መስመሮች ለማውጣት ከግሬፕ (grep፣ የተፈለገው ቃል ያለባቸውን መስመሮች ከሚያወጣው ትእዛዝ) ቀጥዬ ስህተት|ማስጠንቀቂያ ብዬ የፋይሉን ስም ጻፍኩ። ሼሉ (የምንጽፈውን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም) «ማስጠንቀቂያ» የሚባል ትእዛዝ የለም አለኝ። በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ሳስገባው ደግሞ አንድም መስመር አልወጣም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ የገጠሙዎት ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ጥቅስ በሌለበት ያቺን የቁም መስመር (|) ቀድሞ የሚያነባት ሼሉ ስለሆነ ፓይፕ፣ ማለትም የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው የምታስተላልፍ ምልክት፣ አድርጎ ይቆጥራታል፤ የፋይሉ ስምም ወደ ሁለተኛው፣ ወደሌለው ትእዛዝ ስለሚሄድ ግሬፕ ከኪቦርድ ጽሑፍ እየጠበቀ ይቀመጣል። ጥቅሱ ይህንን ያስተካክላል፤ ነገር ግን ግሬፕ ያለ አማራጭ ሲጠራ በመሠረታዊው የሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የሚፈለገውን ጽሑፍ በምልክቶች የመግለጫ ዘዴ) ሕግ ስለሚሠራ፣ በዚያ ሕግ ደግሞ የቁም መስመሯ ተራ ፊደል ስለሆነች፣ የፈለገልዎት ሁለቱን ቃላት ከነመስመሯ እንደ አንድ ቃል ነው። ሰረዝና ትልቁን ኢ (-E) ሲጨምሩ «ወይም» የሚለውን ትርጉም ታገኛለች። ከመስመሯ በፊት \ ማስገባት በግኑ ግሬፕ (በሊኑክስ በተለመደው የግሬፕ ዓይነት) ይሠራል፤ ስክሪፕቱ ወደ ሌላ ሲስተም ሊሄድ ከቻለ ግን አልመክረውም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ '^ስህተት|ማስጠንቀቂያ' ብለው ቢጽፉ የመስመር መጀመሪያ ምልክቷ የምትይዘው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው። ሁለቱንም እንድትይዝ '^(ስህተት|ማስጠንቀቂያ)' መባል አለበት። ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎችም እዚህ ላይ ይሳሳታሉ።

ጥያቄ፦ 200 ያህል ቃላትን በአንድ ፋይል ዘርዝሬ በሰረዝና በትንሹ ኤፍ (-f) ለግሬፕ ሰጠሁት፤ የሎጉን መስመሮች በሙሉ አወጣብኝ።

መልስ፦ በዝርዝሩ ውስጥ ባዶ መስመር ይኖራል። ባዶ ፓተርን (የሚፈለግ ጽሑፍ) ከማንኛውም መስመር ጋር ስለሚገጥም አንዲት ባዶ መስመር ሌሎቹን ሁሉ ዋጋ ታሳጣለች። በተቃራኒው ምንም የማያወጣ ከሆነ ዝርዝሩ በዊንዶውስ የተዘጋጀ እንዳይሆን ይመልከቱ፤ በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ ምልክት ይቀርና እንደ ፓተርኑ አካል ይቆጠራል። ቃላቱ እንዳሉ የሚፈለጉ ከሆነም ትልቁን ኤፍ (-F) ይጨምሩ፤ አለዚያ ነጥብ ማንኛውንም ፊደል ትወክላለች።

ጥያቄ፦ ሁለቱም ቃላት ያሉበትን መስመር ብቻ ብፈልግስ?

መልስ፦ ቅደም ተከተላቸው ካልታወቀ የአንዱን ግሬፕ ውጤት በፓይፕ ለሌላ ግሬፕ ይስጡት፤ ወይም በኦክ (awk፣ ጽሑፍን በየመስመሩ በሚያቀናብረው ትእዛዝ) '/ስህተት/ && /ማስጠንቀቂያ/' ብለው ይጻፉ።