ውሻችን እንዲህ የሚያደርገው ምን አግኝቶበት ነው?

(ምስል፦ በር ይከፈታል። ቡናማ ውሻ እየሮጠ መጥቶ በኋላ እግሮቹ ይቆማል።)

በሩን ገና ከፈት ስታደርጉ ውሻችሁ ሮጦ ይመጣል። ይዘላል። ጭቃ የነካ እግሩን ልብሳችሁ ላይ ያሳርፋል። "ውረድ! ተው! ኧረ ተው!" ትላላችሁ። በእጃችሁ ገፋ ታደርጉታላችሁ። ነገም ያው ነው። ከነገ ወዲያም። ከዓመት በኋላም።

ይሄን የሚያይ ሰው "አስቸጋሪ ውሻ ነው" ይላል። "እልኸኛ ነው"፣ "ንቆኝ ነው" የሚልም አለ። እኔም እንደዚያ እል ነበር። አሁን ግን አንድ ውሻ አንድን ነገር ደጋግሞ ሲያደርግ ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው። ምን አግኝቶበት ነው?

ዛሬ ይሄን ጥያቄ ይዘን በሩ ላይ፣ ሳሎን ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ ውሻው ብቻውን ሲቀርም አብረን እንከታተለዋለን።

ከበሩ እንጀምር። ውሻ የሚዘለው ፊታችሁን ፈልጎ ነው። የተኩላ ግልገሎች ትልልቆቹ ከአደን ሲመለሱ አፋቸውን እየላሱ ይቀበሏቸዋል። ትልልቆቹም የዋጡትን ሥጋ መልሰው ያወጡላቸዋል። የውሻ ቡችሎችም ይሄው አፍ እየላሱ የመቀበል ልማድ አላቸው። የእኛ ፊት ግን ከፍ ብሎ ነው ያለው። ስለዚህ ይዘላል።

ሲዘል ምን ያገኛል? ታዩታላችሁ። ትነኩታላችሁ። ታናግሩታላችሁ። ቀኑን ሙሉ ብቻውን ለዋለ ውሻ "ውረድ!" የሚለው ጩኸት ራሱ ጨዋታ ነው። ግፊያውማ ይብሳል። እኛ ቀጣነው ስንል እሱ የፈለገውን አግኝቶ ይሄዳል።

"ውሻ በበላበት ይጮኻል" ይባል የለ? ተረቱ የሚነገረው ስለ ታማኝነት ነው። ለእኔ ግን ውሻ እንዴት እንደሚማር ከዚህ ባጠረ ቃል የገለጸልኝ የለም። የጠቀመውን ይደግማል፣ ያልጠቀመውን ቀስ በቀስ ይተዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይሄንኑ በድመቶች ላይ ተከታትሎታል። የተራበች ድመት ሳጥን ውስጥ ያስገባል። ድመቷ ትቧጭራለች፣ ትጮኻለች፣ በመሐል ሳታስበው መክፈቻውን ትነካና በሩ ይከፈታል። ውጭ ምግብ አለ። ደጋግሞ ሲያስገባት መቧጨሩና መጮኹ እየቀነሰ ሄደ። በመጨረሻ እንደገባች መክፈቻውን ትነካለች። ውሻችሁም በራችሁ ላይ የሚማረው እንደዚህ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ስትገቡ ዝም በሉ። ከዘለለ ፊታችሁን አዙሩ። እጃችሁን ሰብስቡ። አትዩት፣ አትግፉት፣ አትቆጡት። አራቱም እግሮቹ መሬት በነኩባት ቅጽበት ግን ቁጭ በሉና ሰላም በሉት። "ቅጽበት" ያልኩት በምክንያት ነው። ጥቂት ሰከንዶች ካለፉ ደስታችሁን ከየትኛው ሥራው ጋር እንደሚያያይዘው አታውቁም። ቁጭ ማለት ከለመደ ደግሞ እንዲቀመጥ ጠይቁት። የተቀመጠ ውሻ መዝለል አይችልም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ ላይ ይብስበታል። የቴሌቪዥን ሪሞት እንቢ ሲላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ወዲያው አትተዉትም። ጠበቅ አድርጋችሁ ትጫኑታላችሁ፣ መታ መታ ታደርጉታላችሁ። ውሻውም እንደዚያ ነው። ሁልጊዜ የሚሠራለት ዝላይ ዛሬ ካልሠራ ከፍ አድርጎ ይዘላል፣ ይጮኻል። በሦስተኛው ቀን ታክቷችሁ "በቃ እሺ" ካላችሁት የተማረው "አጥብቄ ከዘለልኩ ይሳካል" የሚለውን ነው። ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻ እንኳን እያቀፈ ከተቀበለው የሌሎቻችሁ ልፋት መና ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ተስማሙ።

(ምስል፦ የተቦጫጨቀ ጫማ። ጥግ ላይ አንገቱን የደፋ ቡችላ።)

ውሻዬ ቡቺ የ5 ወር ቡችላ እያለ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አዲሱ ጫማዬ ተቦጫጭቆ ጠበቀኝ። ቡቺ አንገቱን ደፍቶ፣ ጆሮውን አጥፎ፣ ጅራቱን እግሩ መሐል ሸጉጦ ጥግ ይዟል። "ጥፋቱንማ አውቆታል!" አልኩ። ጫማውን አፍንጫው ሥር ይዤ ብዙ ጮኽኩበት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሚቆጨኝ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች የውሻ ባሕርይ ተመራማሪ አንድ ጥናት አሳተመች። ባለቤቶቹ ውሾቻቸውን "ይሄን ምግብ እንዳትነካ" ብለው ከክፍሉ ይወጣሉ። ሲመለሱ ውሻው በላ ወይም አልበላም ተብሎ ይነገራቸዋል። አንዳንዴ የሚነገራቸው እውነት አይደለም። ያ የምናውቀው የ"ጥፋተኛ" ፊት በብዛት የታየው ምግቡን በበሉት ላይ ሳይሆን ቁጣ በገጠማቸው ላይ ነበር። እንዲያውም ምንም ሳይነኩ በሐሰት የተቆጧቸው ውሾች ይበልጥ አሳይተውታል።

ጥፋተኛ ፊት የምንለው እንግዲህ ፍርሃት ነው። ቡቺ ጫማውን የበላው ምናልባት ከሦስት ሰዓት በፊት ነው። እኔ ስጮኽበት የተረዳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጌታዬ ከውጭ ሲመጣ ያስፈራል።

ለምን በላው የሚለውን ደግሞ በኋላ አወቅኩ። ቡችላ 28 የወተት ጥርሶች አሉት። ከ4 ወር ገደማ ጀምሮ እስከ 7 ወር ድረስ እነሱ ይረግፉና 42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። በዚያ ጊዜ ድዱ ስለሚያስቸግረው ያገኘውን ያኝካል። የእኔ ጫማ ለስላሳ ነው፣ የእኔን ጠረን ይዟል፣ መሬት ላይ ነው የተቀመጠው። ከዚያ የተሻለ ከየት ያገኛል? መፍትሔው ጫማውን ቁም ሳጥን ውስጥ ማስገባትና ለእሱ የሚታኘክ ነገር መስጠት ነበር። የማይገባውን ይዞ ካገኛችሁት አሯሩጣችሁ አትቀሙት፤ ማሯሯጥ ራሱ ጨዋታ ይሆንለታል። የሚወደውን ሌላ ነገር አሳይታችሁ ቀይሩት።

ቤት ውስጥ መሽናትም እንደዚሁ ነው። በአጭሩ ልለፈው። ቡችላ ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ ሲበላና ተጫውቶ ሲጨርስ ወዲያው ውጭ ውሰዱት። ውጭ ሲሸና እዚያው ሸልሙት፤ ቤት ከገባ በኋላ አይደለም። ቤት ውስጥ ካመለጠው ዝም ብላችሁ አጽዱ። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት የሚያስተምረው ከእናንተ ተደብቆ መሽናትን ነው።

(ድምፅ፦ ከሩቅ የሚጮኽ ውሻ።)

ጩኸት ደግሞ ብዙ ዓይነት ነው። መስኮት ላይ ሆኖ መንገደኛ ላይ የሚጮኸውን ውሻ አስቡ። ሰውዬው ይመጣል። ውሻው ይጮኻል። ሰውዬው አልፎ ይሄዳል። እኛ መንገደኛው ወደ ጉዳዩ እንደሄደ እናውቃለን። ውሻው ግን ያባረረው ይመስለዋል። በቀን ሃያ ጊዜ ይጮኻል፣ ሃያ ጊዜ ያሸንፋል። እናንተ ከኋላ ሆናችሁ "ዝም በል!" ስትሉ ደግሞ አብራችሁት የምትጮኹ ይመስለዋል። መጋረጃ መዝጋት ከመቆጣት በብዙ ይሻላል። ያላያችሁትን ሰምቶ ከጮኸም አትፍረዱበት። የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) ገደማ ሲሰማ የውሻ ጆሮ እስከ 45,000 ይደርሳል። ዝም ሲል፣ በዚያች የዝምታ መሐል፣ ጠርታችሁ ሸልሙት።

አሁን በጣም ወደምሳሳለት ነገር ልምጣ። ውሻ ሲያጉረመርም ምን ታደርጋላችሁ?

ብዙ ቤት ውስጥ መልሱ ዱላ ነው፣ ካልሆነም ቁጣ። እባካችሁ ይሄን ተዉ። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። "አልተመቸኝም፣ ራቅ በልልኝ" ማለቱ ነው። ይሄን በማለቱ የተቀጣ ውሻ ፍርሃቱ አይለቀውም። የሚጠፋው ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ ይነክሳል። ከዚያ "ያለ ምክንያት ነከሰ" ይባላል።

ከማጉረምረሙ በፊትም ብዙ ተናግሯል። እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል። ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል። ፊቱን ያዞራል። የዓይኑ ነጭ በጎን ብቅ ይላል። ከዚያ ድርቅ ብሎ ይቆማል። ይቺ መድረቅ ቶሎ የምታልፍ ናት፤ ግን ከሁሉም በላይ እሷን እወቋት። ሕፃን ልጅ ውሻውን አንገቱን አቅፎ የተነሳውን ፎቶ ስታዩ የልጁን ፈገግታ ትታችሁ የውሻውን ፊት እዩ። ብዙ ጊዜ ከላይ የዘረዘርኳቸውን ምልክቶች ታገኛላችሁ። ልጅና ውሻን ያለ ትልቅ ሰው ለብቻቸው አትተዉ፤ ውሻው የቱንም ያህል ጨዋ ቢሆን።

"ጅራቱን እየቆላ ነበር እኮ!" የሚል ሰው አለ። ጅራት መቆላት ሁልጊዜ ደስታ አይደለም። ወገቡ ድረስ እየተወዛወዘ፣ ሰውነቱ ላላ ብሎ የሚቆላ ውሻ ደስ ብሎታል። ጅራቱን ወደ ላይ አቁሞ፣ ሰውነቱን ገትሮ፣ ጫፏን ብቻ ቶሎ ቶሎ የሚያንቀጠቅጥ ግን ውጥረት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ጣሊያን ውስጥ የተሠራ ጥናት ደግሞ የሚገርም ነገር አሳይቷል። ውሾች ባለቤታቸውን ሲያዩ ጅራታቸው ይበልጥ ወደ ቀኝ ያደላል። የማያውቁት ኃይለኛ ውሻ ሲያዩ ደግሞ ወደ ግራ።

ምግቡ ላይ የሚያጉረመርምም አለ። ሳህኑን መንጠቅ "ሲመጡ ይወስዱብኛል" የሚለውን ፍርሃቱን ማረጋገጥ ነው። ይልቅ በሩቁ ስታልፉ ከሚበላው የሚበልጥ ነገር ጣል አድርጉለት። ቀን በቀን ሲደጋገም የእናንተ መምጣት መልካም ዜና ይሆንለታል። ለመንከስ የደረሰ ከሆነ ግን ለብቻችሁ አትሞክሩት፤ ባለሙያ ጥሩ።

እዚህ ላይ "የበላይነትህን አሳየው፣ በጀርባው ገልብጠህ ያዘው" የሚል ምክር ሰምታችሁ ይሆናል። ምንጩ እ.ኤ.አ. በ1947 ሩዶልፍ ሼንከል ስለ ተኩላዎች ያሳተመው ጥናት ነው። ተኩላዎቹ ግን በአንድ አጥር ውስጥ የተዘጋባቸው ነበሩ። ኋላ ዴቪድ ሜች የተባለ የተኩላ ተመራማሪ በዱር ያሉትን ሲከታተል መንጋው በአብዛኛው አባት፣ እናትና ልጆች ሆኖ አገኘው። መሪ የተባሉት ወላጆች ናቸው። በጀርባው የተገለበጠ ውሻ ከባለቤቱ የሚማረው ፍርሃት ነው።

(ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ያለ ቁልፍ። የውሻው ጆሮ ይቆማል።)

ቁልፍ ስታነሱ የሚከተላችሁ፣ የሚያለከልክ ውሻ አላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ያስተማረን ይሄንን ነው። ምግብ ሊመጣ ሲል ድምፅ ደጋግሞ የሰማ ውሻ፣ ድምፁን ብቻ ሲሰማም ምራቁ ይመጣል። ለእናንተ ውሻ ቁልፍ ማለት ብቸኝነት ነው። እናንተ በወጣችሁ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በሩን የሚቧጭረው፣ የሚጮኸው፣ የሚሸናው ሊበቀላችሁ ብሎ አይደለም። ተሸብሮ ነው። ቁልፉን አንሱና መልሳችሁ ቁጭ በሉ። ነገም እንደዚያ አድርጉ። ቁልፉ ትርጉሙን ሲያጣ በሩን ከፍታችሁ ለአምስት ሰከንድ ውጡና ተመለሱ። ከዚያ ለግማሽ ደቂቃ። ተሸብሮ ካገኛችሁት ፈጥናችኋል ማለት ነው፤ አሳጥሩት። ራሱን እስከሚጎዳ ከደረሰ የእንስሳት ሐኪም ሊረዳው ይችላል።

ስለ መንገድ ሁለት ነገር ብቻ። ገመዱን የሚጎትተው፣ ሲጎትት ስለምትከተሉት ነው። ገመዱ ሲወጠር ቁሙ፣ ሲላላ ሂዱ። ሌላው፣ ማነፍነፍ ከልክላችሁ አታዋክቡት። ውሻ አፍንጫው ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ ጠረን ተቀባይ ሕዋሳት አሉት። የእኛ ጥቂት ሚሊዮን ነው። አንድ ግንድ ሥር ቆሞ ማን እንዳለፈ እያጣራ ነው። እኔ አሁን ከአንድ ሰዓት ሩጫ ሃያ ደቂቃ የማነፍነፍ ጉዞ እመርጥለታለሁ። ቤት ሲገባ እንዴት ረክቶ እንደሚተኛ አይቻለሁና።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። ባሕርዩ ድንገት ከተለወጠ ከማስተማር በፊት ሕመም ፈልጉ።

ቡቺ 9 ዓመት ሲሞላው ዳሌው አካባቢ ስነካው ማጉረምረም ጀመረ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አጉረምርሞብኝ አያውቅም። የቡችላነቱ ጊዜ ቢሆን ኖሮ እቆጣው ነበር። ያን ቀን ግን እጄን አነሳሁና ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። የመገጣጠሚያ ሕመም ነበረው። መድኃኒት ተሰጠው፣ ወፍራም መኝታ አነጠፍኩለት፣ ሶፋው ሥር ትንሽ መወጣጫ አደረግኩለት። ለሳምንታት ዳሌውን ሳልነካ ቆየሁ። አንድ ማታ ራሱ መጣና ጀርባውን ሰጥቶ እግሬ ላይ ተደገፈ።

(ምስል፦ የሸበተ ውሻ፣ አገጩን በሰው ጫማ ላይ አሳርፎ።)