በጎንደር ስለሚጠብቁት ወገኖች እኛ ምን እንላለን?

ሻሎም፣ እንደምን አመሻችሁ።

ክቡራን ቄሶቻችን፣ አባቶችና እናቶች፣ ወጣቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ርእሱ ስለሚያናድድ ይመስለኛል። ለበዓላችን ለስግድ ዝግጅት ብንጠራችሁ ኖሮ ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር።

የዛሬው ጉዳይ ፈላሽ ሙራ እየተባሉ በጎንደርና በአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ለመምጣት ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ናቸው። ይምጡ ወይስ አይምጡ? እኔ ይምጡ ከሚሉት ወገን ነኝ። ዳር ዳር እያልኩ እንዳላደክማችሁ ከመነሻው ልናገረው። የሚቃወሙትን ግን ክፉ ናቸው አልልም። ብዙዎቹ የሥጋ ዘመዶቼ ናቸው፤ አንዳንዶቹም እዚህ ከፊት ተቀምጠው እያፈጠጡብኝ ነው።

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ልጆቻችን ሌላውን አያውቁትም።

እነዚህ ሰዎች ከየት መጡ? አያት ቅድመ አያቶቻቸው እንደ እኛው ቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሚሲዮኖች በጎንደር ዙሪያ ገቡ። ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ መጽሐፍ አደሉ። ከዚያ ከ1888 ጀምሮ ክፉ ቀን መጣ፤ ከብቱ አለቀ፣ ሰው ረገፈ። የእኛ ሰው ርስት አልነበረውም። በሰው መሬት ያርሳል፣ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸክላ ይሠራል፤ በዚያ ላይ ቡዳ ይባላል። መሬት ያለው ሃይማኖት ያለው ነው በሚባልበት አገር አንዳንዱ ክርስትና ተነሣ። አንዱ ለእርሻ፣ አንዱ ለጋብቻ፣ አንዱ አምኖበት። ጎረቤቱ ግን ከዚያም በኋላ ፈላሻ ማለቱን አልተወም። በሁለቱም በኩል ሳይሆንለት ቀረ።

አንዳንድ ሰው “እኛ እኮ በዚያ ሁሉ መከራ ሃይማኖታችንን አልለወጥንም” ይላል። እውነት ነው፤ ልንኮራበትም ይገባል። ግን ወደ እስራኤል ስንመጣ ያለፍንባትን ሱዳንን እናስታውስ። ገዳሪፍና ኡም ራኩባ ካምፕ ውስጥ አይሁድ ነን ብሎ ጮክ ብሎ የተናገረ ማን ነበር? ሰንበትን ተደብቀን ነበር የምናከብረው። ሬሳ እንኳ እንደ ሥርዓታችን መቅበር የሚያስፈራበት ጊዜ ነበር። 4 ሺህ ገደማ ወገኖቻችን በመንገድና በካምፕ አለቁ። የተረፍነው ማንነታችንን ደብቀን ነው። ዝምታችንን ኃጢአት ያለብን የለም። ወራት መደበቅና ለትውልድ መለወጥ አንድ አይደለም፣ ይገባኛል። ግን ሁለቱንም ያመጣው ፍርሃት ነው።

አሁን ስለ እኛው የመግቢያ ታሪክ። በ1973 ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ ናቸው ብለው ወሰኑ። በ1975 አይሁድ እስራኤል ገብቶ ዜጋ እንዲሆን የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ በእኛም ላይ እንዲሠራ ተፈቀደ። በቃ አለቀ አልን። አላለቀም። ከሱዳን በአውሮፕላን ካመጣን ከኦፕሬሽን ሙሴ በኋላ ራባኑት፣ የዋና ረቢዎቹ መሥሪያ ቤት፣ አባቶቻችንን “ለጥርጣሬው ሲባል ውኃ ግቡ” አላቸው። ሲጀመርማ ከወንዶቹ እንደ ዳግም ግርዛት ጠብታ ደምም ይፈለግ ነበር። በሚሲዮን ሲባረር ለኖረ ሰው ያ የውኃ ነገር ጥምቀት ጥምቀት ይሸተው ነበር። በ1985 አባቶቻችን ኢየሩሳሌም ሄደው በራባኑቱ ፊት ለፊት አንድ ወር ገደማ ተቀመጡ። ሽማግሌዎች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ አዲስ ቋንቋ እንኳ ያልያዙ ሰዎች። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ማን እንደሆንን እኛ እናውቃለን፣ አትፈትኑን።

እና ዛሬ እኛ፣ የእነዚያ ሰዎች ልጆች፣ በሠርግ ቤት ወጥ እየተበላ “የእገሌ ዘር ንጹሕ አይደለም” እንላለን። ጆሮዬ ሰምቶታል። የእናንተም ሰምቷል።

የተቃዋሚዎችን ሐሳብ ሳላድበሰብስ ልናገር። አንደኛ፣ ከሚመጡት መካከል ዛሬም ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ አሉ ይላሉ። አሉ፤ ለምን እንደብቀዋለን? ሁለተኛ፣ ዝርዝሩ መቼም አያልቅም ይላሉ። ይህም መሠረት አለው። በነሐሴ 2013 “የመጨረሻው አውሮፕላን” ተብሎ በሥነ ሥርዓት ተዘጋ። በ2015 መንግሥት እንደገና ይምጡ ብሎ ወሰነ። በ2020 መጨረሻ፣ ኢትዮጵያ ተወልዳ በኦፕሬሽን ሙሴ በልጅነቷ የመጣችው ፕኒና ታማኖ ሻታ ሚኒስትር ሆና ሳለ፣ 2 ሺህ ሰው የማምጣት ሥራ ተጀመረ። በ2021 ደግሞ ሌላ 3 ሺህ ተፈቀደ። መጨረሻ የሌለው መጨረሻ። ሰው ቢሰለች አልፈርድበትም።

ሦስተኛው ግን ብዙ ጊዜ በማይክ የማይነገረው ነው። “እነሱ ሲጠረጠሩ እኛም አብረን እንጠረጠራለን።” የክርክሩ ሥር ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ2018 የሆነውን አስታውሱ። በአንድ የወይን ጠጅ ፋብሪካ የእኛ ልጆች ወይኑን እንዳይነኩ ከቦታቸው ተነሡ። ምክንያቱ፣ ኮሸር ነው፣ ማለትም በሃይማኖቱ የተፈቀደ ነው የሚል ማረጋገጫ የሚሰጠው ወገን አይሁድነታቸውን ስለተጠራጠረ ነው። ያኔ ዋና ረቢ የነበሩት የይስሐቅ ዮሴፍ ድምፅ ባይሰማ ጉዳዩ ተድበስብሶ ይቀር ነበር። እሳቸው ዘረኝነት ነው ብለው አወገዙት። የኦቫድያ ዮሴፍ ልጅ ናቸው፤ የአባታቸውን ውሳኔ የረሳ ሰው መኖሩ ሳያናድዳቸው አልቀረም። ግን ልብ በሉ። ያ ፋብሪካ “አንተ ቤተ እስራኤል ነህ፣ አንተ ፈላሽ ሙራ ነህ” ብሎ ለየ? አልለየም። ቆዳውን አየና ጠረጠረ። በ1996 የለገስነው ደም ሲደፋም የለየ አልነበረም። በ2012 ኪርያት ማላኺ ከተማ ውስጥ ለኢትዮጵያውያን ቤት አንሸጥም፣ አናከራይም ብለው የተስማሙ ጎረቤቶችም የዘር ሐረግ አልጠየቁም።

ስለዚህ እነሱን ብንገፋ እኛ ነጻ እንወጣለን ማለት ራስን ማታለል ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከ1989 ጀምሮ ከቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው ገባ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩት በሃላኻ፣ በሃይማኖቱ ሕግ፣ አይሁድ አይደሉም። የመጡት በሕግ ነው፤ የመመለስ ሕግ ከ1970 ወዲህ ለልጅ ልጅም ይፈቅዳል። ጥሩ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ናቸው፣ ልጆቻቸውም ከልጆቻችን ጋር በሠራዊቱ አሉ። አልተመቀኘኋቸውም። ሕጉ ለሁለቱ አንድ አይደለም፣ እሱንም አልክድም፤ የፈላሽ ሙራ ሰዎች የሚመጡት በሌላ ሕግ ነው፣ እዚህ ሲደርሱም ግዩር፣ ወደ አይሁድነት የመመለሻ ሥርዓት፣ ይገባሉ። ግን አንዱ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ መታወቂያ ሲቀበል ሌላው ጎንደር ውስጥ በኪራይ ክፍል ልጅ ወልዶ ልጁን ሲያሳድግ፣ ጉዳዩ የሃይማኖት ብቻ ነው የሚለኝን ሰው አላምነውም።

እዚያ ደግሞ ሰላም የለም። ከ2023 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ውጊያ አለ። እዚህ ወታደር ሆኖ የሚያገለግል ልጅ እኅቱ እዚያ ናት። ስልክ ሲቋረጥበት አንጀቱ ይላወሳል፤ ነገ ደግሞ ኬላ ላይ ይቆማል።

ታዲያ ምን እንጠይቅ? በጅምላ ይምጡ አልልም። ማመልከቻው አንድ በአንድ ይታይ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የመልስ ቀን ይቆረጥ። እምቢ ከተባለም ምክንያቱ በጽሑፍ ይነገረው፣ ሃያ ዓመት በተስፋ አይንጠልጠል። የዘር ሐረግ ሲጣራ ቄሶቻችንና ሽማግሌዎቻችን ይጠየቁ። ማን የማን ልጅ እንደሆነ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ ቢሮ የለም። እዚህ ያሉት ግዩር የጨረሱት ደግሞ ጨርሰዋል። በልጅህ ሠርግ ከዚያ በኋላ ሐረግ መቁጠር አይሁዳዊ ሥራ አይደለም፤ ቄሶቻችን ከተሳሳትኩ ያርሙኝ።

ይህን በደብዳቤ አዘጋጅተናል። መውጫው አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አለ። የተስማማ ይፈርም፣ ያልተስማማ አይፈርም፤ ማንም አይቆጣም። ለክነሴት፣ ለእስራኤል ፓርላማ፣ የስደተኞች መቀበያ ኮሚቴ ነው የምንልከው።

አሁን ማይኩን ለሚቃወሙት እሰጣለሁ። ፊት የተቀመጡት አጎቴ እጃቸውን ካወጡ ቆይተዋል። ብቻ አንድ ነገር አስቀድመው ይመልሱልኝ፤ በ1985 ኢየሩሳሌም አስፋልቱ ላይ የተቀመጡት እርስዎ፣ ያን ጊዜ “ማስረጃ አምጡ” ላለዎት ሰው ምን ብለው ነበር የመለሱት?