የኪቦርድ ቅንብር ዴስክቶፑ ሲከፈት በራሱ እንዲነሳ
በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ሥራ ላይ ለተሰማሩ የተዘጋጀ ንግግር

እንደምን አረፈዳችሁ። ቀኑን ሙሉ ውልና ማመልከቻ ስትጽፉ የምትውሉ ሰዎች ናችሁና ወሬ ሳላበዛ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ሊኑክስ ላይ በአይባስ (የቋንቋ መጻፊያ ፕሮግራም)፣ በሴራ ዘዴ (አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደላት ቁልፎች መጻፊያ) አማርኛ ለሚጽፍ ሰው የካፕስ ሎክን ያህል ጠላት የለውም። ትንሹ ቲ «ት»፣ ትልቁ «ጥ»፤ ትንሹ ኤን «ን»፣ ትልቁ «ኝ» ነው። ጣት ቁልፉን ሳያስበው ከነካ ደንበኛው የሚፈርምበት ስም ሌላ ስም ይሆናል። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፦ ስክሪኑ ላይ የምታዩት «ሴትኤክስኬቢማፕ» ትዕዛዝ፣ ከኋላው ካፕስ ሎክን የሚያጠፋው «ካፕስ ነን» የሚለው ኦፕሽን። ግን ሴሽኑ (ከገባችሁበት እስከምትወጡበት ያለው የዴስክቶፕ ቆይታ) ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር (እዚህ ዳር ላይ ለእናንተ አይነገርም) እንደ አዲስ መጻፍ ሊኖርባችሁ ነው።

ብዙ ሰው መስመሩን ባሽአርሲ በሚባለው የቅንብር ፋይል ውስጥ ይከተዋል። እሱ የሚነበበው ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ሲከፈት እንጂ ዴስክቶፑ ሲነሳ አይደለም። ኤክስኢኒትአርሲ የሚባለው ፋይልም ዴስክቶፑን «ስታርትኤክስ» በሚል ትዕዛዝ ለሚያስነሳ ሰው ነው።

ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ዴስክቶፕ ለምትጠቀሙ፣ መስመሩን በስክሪፕት (የትዕዛዝ) ፋይል አስቀምጡና ለፋይሉ የመሮጥ ፈቃድ ስጡት። ከዚያ ሴቲንግስ፣ «ሴሽን ኤንድ ስታርትአፕ»፣ «አፕሊኬሽን ኦቶስታርት» ገብታችሁ ጨምሩት። የፋይሉ አድራሻ ከ«ሆም» ጀምሮ ሙሉውን ይጻፍ፤ ሆምን የሚያሳጥረው የቲልዴ (~) ምልክት እዚያ አይተረጎምም፣ ስክሪፕቱም ምንም ሳይነግራችሁ ሳይሠራ ይቀራል።

አሁን አስቸጋሪው ክፍል። ዴስክቶፑ የራሱን የኪቦርድ ቅንብር የሚጭን ፕሮግራም አለው፤ ከእናንተ ስክሪፕት ዘግይቶ ከተነሳ ያላችሁትን ይሽረዋል። ስለዚህ ስክሪፕቱ ውስጥ ከትዕዛዙ በፊት «ስሊፕ 5» (5 ሰከንድ ጠብቅ) አስገቡ፤ ማሽኑ አሮጌ ከሆነ 10 አድርጉት። ሁለተኛው ሻሪ አይባስ ራሱ ነው፦ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በቀየራችሁ ቁጥር ሌይአውቱን (የቁልፎቹን አደራደር) እንደገና ሊጭን ይችላል። በአይባስ ፕሪፈረንስ፣ «አድቫንስድ» ላይ፣ የሲስተሙን ኪቦርድ ሌይአውት ተጠቀም የሚለውን ምልክት አድርጉ። የነጠላ ቁልፎችን ሥራ የሚቀይረውን ኤክስሞድማፕንም የምትጠቀሙ ካላችሁ ከሴትኤክስኬቢማፕ በኋላ ይምጣ፤ ከቀደመ ይደመሰሳል። የዩኤስቢ ኪቦርድ ነቅላችሁ ስትሰኩም ቅንብሩ ሊጠፋ ይችላልና የስክሪፕቱን አቋራጭ ዴስክቶፕ ላይ አኑሩ።

ጂኖም የተባለው ዴስክቶፕ ላይ ላላችሁ ይህ ሁሉ ድካም ነው። በተለይ ዌይላንድ (አዲሱ የስክሪን ሥርዓት) ከሆነ ትዕዛዙ ለአዳዲሶቹ ፕሮግራሞች አይደርስም። ጂኖም ትዊክስ በሚባለው የቅንብር ፕሮግራም ውስጥ ካፕስ ሎክን አንዴ ካጠፋችሁት ተቀምጦ ይቆያል።

ከሴሽን ወጥታችሁ ስትገቡ «ሴትኤክስኬቢማፕ»ን ከ«ኩዌሪ» ጋር አስኪዱ። «ኦፕሽንስ» ከሚለው ፊት «ካፕስ ነን» ካልታየ ስክሪፕቱን በእጅ ሞክሩት፦ በእጅ ከሠራ መጀመሪያ የስሊፑን ጊዜና የፋይሉን አድራሻ ጠርጥሩ፤ በእጅም እምቢ ካለ ፋይሉን ወይም ፈቃዱን።