አርባ ሦስተኛው እጅ

እጄን ያወጣሁት ለመጠየቅ ነበር። ይህን በመጀመሪያ ልበል፤ ሌላውን በኋላ እንደርስበታለን፤ ካልደረስንበትም እንተወዋለን።

ይህን ዝግጅት የምቀዳው እንደ ወትሮው ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኜ ነው። ባለፈው ሳምንት «ድምፅህ ታፍኗል» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ፣ እስቲ ደብረ ብርሃን ኑና በዚህ ውርጭ ሌሊት ሳትታፈኑ ቅዱ፤ እናያችኋለን። አጠገቤ የሚንኮሻኮሽ ነገር ከሰማችሁ ላስቲክ ነው። ውስጡ ቆሎ አለ። ስለ ቆሎው እነግራችሁ ይሆናል። ዶሮው እስካሁን ዝም ብሏል፤ ይመስገን።

ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር፣ ሜዳው ላይ። የትኛው ሜዳ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ጥርሴን የሰበርኩበት። ሴቶቹ ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ ወንዶቹ ድንጋይ ድንጋይ ላይ፣ እንግዶቹ ደግሞ ወንበር ላይ። ጉዳዩ አጭር ነው ተባለ። ሰፈሩ ትምህርት ቤት ያስፈልገዋል፣ ቦታ የለም፣ ያለው ይህ ሜዳ ብቻ ነው።

ቦታ የለም ሲባል ጨርሶ አልነበረም ማለት አይደለም። በፕላኑ ላይ ለትምህርት ቤት ተብሎ የተያዘ ቦታ ነበር፣ ከወንዙ ማዶ። አሁን እዚያ ያለው ጨረቃ ቤት ነው፤ ማታ ተጀምሮ ሲነጋ ቆርቆሮው የሚያብረቀርቅ። ስብሰባውን የሚመሩት ሰውየው ይህን ሲናገሩ ሁሉም አቀረቀረ፤ ምክንያቱም ከተቀመጥነው መካከል ስንቱ ከዚያ እንደመጣ እንተዋወቃለን። ትምህርት ቤቱ ይሠራበታል በተባለው መሬት ላይ ተማሪዎቹ ተወለዱበት። ይፍረስ የሚል አንጀት ያለው ሰው አልተገኘም። እኔም የለኝም። ስለዚህ ሜዳው።

የከተማ ፕላን አዋጁ፣ የ2000 ዓ.ም.ው ማለቴ ነው፣ የአንድ ከተማ መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት ያገለግላል ይላል። እስቲ አስቡት። ፕላኑ በጸደቀ ዕለት የተወለደ ልጅ ሰባት ዓመት ሞልቶት አንደኛ ክፍል ይገባል፤ ሦስተኛን ሲጨርስ ፕላኑ አርጅቷል። ልጁ ገና ማባዛት መልመዱ ነው።

ወደ ስብሰባው ልመለስ።

ሰውየው «እንግዲህ የሚደግፍ እጁን ያውጣ» አሉ። እኔ ግን ከዚያ በፊት፣ ከዚያ ሁለት ትንፋሽ ቀደም ብሎ፣ ጥያቄ ነበረኝ። እጄን ማንሳት ጀምሬ ነበር። ክርኔ ገና ጉልበቴን ሲለቅ «የሚደግፍ» የሚለው ቃል ደረሰብኝ። እጁ መንገድ ላይ ነው እንግዲህ። ልመልሰው? ሰው የጀመረውን እጅ እንዴት ይመልሳል? ጆሮዬን አክኬ ማውረድ እችል ነበር፤ ይህ አሁን፣ ከብርድ ልብስ ሥር ሆኜ ነው የመጣልኝ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ልጅ በእስክሪብቶው እያመለከተ ይቆጥራል፤ አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት፣ እኔ ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆመ። እጄ ግማሽ ላይ ነበር። አየኝ። «አርባ ሦስት» አለና አለፈ።

ጥያቄዬ ስንት ልጅ ቆጠራችሁ የሚል ነበር። ምክንያቱም እንደምታውቁት እኔ በቁጥር እታመማለሁ። ይህች ከተማ ለመጨረሻ ጊዜ በወጉ የተቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ 65,231 ሰው ነበርን። ከዚያ በፊት በ1987 ዓ.ም. 38,717። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ ሊደረግ ነው ሲባል፣ ተራዘመ ሲባል እዚህ ደረስን። በመሐል ዩኒቨርሲቲው ሰፋ፣ ቢራ ፋብሪካው መጣ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተከፈተ፣ ከዚያ ደግሞ ከየአቅጣጫው የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰማይ ብርሃን ወርዶ አይተው ነው ከተማዋን የቆረቆሩት። እኛም ከዚያ ወዲህ ብርሃን ሲወርድ እያየን የምንሰፋ ሳይሆን አንቀርም።

እህቴ ጤና ጣቢያ እንደምትሠራ ታውቃላችሁ፤ ይህን ዝግጅት ለእርማት ብቻ የምታዳምጠዋ። ሳማክራት ሳቀችብኝ። «ልጅ መቁጠር ከፈለጋችሁ የእኛ መዝገብ አለ» አለች። በዘጠኝ ወሩ የኩፍኝ ክትባት የወሰደ ልጅ ከስድስት ዓመት ትንሽ ፈቀቅ ብሎ አንደኛ ክፍል በር ላይ ይቆማል። ዘንድሮ የተከተበውን ቁጠር፣ ስንት ክፍል እንደሚያስፈልግ ከስድስት ዓመት በፊት ታውቃለህ። ይህን ስሰማ ከወንበሬ ልነሳ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረች፤ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጨምራለች። «ሌላ ቦታ ተከትቦ እዚህ የመጣው ግን የለበትም» አለች። ከእኛ ሰፈር ስንቱ እዚህ ተከተበ? ቁጭ አልኩ።

እና ደግሞ ስሌቱ ራሱ ያስፈራል። እንደ ደረጃው ቢሆን በአንደኛ ደረጃ አንድ ክፍል 50 ተማሪ ይይዛል። ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ፣ ለእያንዳንዱ አራት አራት ክፍል ሥሩ፤ 24 ክፍል፣ 1,200 ልጅ። ትልቅ ነው አይደል? ግን በር ላይ በየዓመቱ የሚቀበለው 200 ብቻ ነው። አንድ ዓመት 300 ከመጡ መቶዎቹ የት ይሄዳሉ? ፈረቃ ይባላል፤ ግማሹ በጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት። ትምህርት ቤት ሲሞላ ከታች ነው የሚሞላው፤ ያ ያበጠ አንደኛ ክፍል በሚቀጥለው ዓመት ያበጠ ሁለተኛ ክፍል ይሆናል፣ እንዲህ እያለ ይወጣል። ሪባን በተቆረጠ በዓመቱ ፈረቃ የጀመረ ትምህርት ቤት በዓይኔ አይቻለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ሪባኑ ያምር ነበር።

እኛ ራሳችን ሰማንያ ሁለት ነበርን፣ በአንድ ክፍል። አንድ ዴስክ ለሦስት። እኔ መሐል። መሐል የተቀመጠ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ዳር የተቀመጠ አያውቀውም፤ ሽንት ቤት ለመሄድ የአንድ ሰው ፈቃድ አይበቃህም፣ መምህሩም ጎረቤትህም መፍቀድ አለባቸው። በዚያ ላይ ግራኝ ነኝ። የእኔ ግራ ክርን ከጎረቤቴ ቀኝ ክርን ጋር ቀኑን ሙሉ ይዋጋል። የ«መ» ፊደሌ እስከ ዛሬ የተንጋደደው በእርሱ ነው። መምህራችን አንድ ቀን አይተው «አንተ ወደ ዳር ውጣ» አሉኝ፤ ዳር የነበረው ልጅ አለቀሰ። ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሼ መሐል ገባሁ። ለምን ይህን ነገርኳችሁ? አላውቅም። ያን ልጅ ባለፈው ሰሞን ባንክ ውስጥ አየሁት፣ ወፍሯል።

እሺ። የቀረውን ልንገራችሁ፤ እስካሁን የዞርኩት ይህን ላለመናገር ነው።

ቃለ ጉባኤ ያዡ «አርባ ሦስት» ብሎ ሲያልፍ ከፊት ለፊቴ ቆሎ ሻጯ እትዬ ተቀምጣ ነበር። ዞር አለች። ልጇን ታውቋታላችሁ፣ አንድ ጊዜ እዚህ ዝግጅት ላይ የሳቀችውን። አምስተኛ ክፍል ነች፣ የከሰዓት ፈረቃ። ትምህርት ቤቱ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ሩቅ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ትለቀቃለች፤ ቤት ስትደርስ ዓይን ለዓይን መተያየት ያስቸግራል። እናትየው ቆሎዋን ለሰው አደራ ሰጥታ፣ ባትሪ ይዛ እስከ ድልድዩ ትሄዳለች። በየቀኑ። ገበያ የሚኖረው ደግሞ በዚያች ሰዓት ነው፤ ሰው ከሥራ ሲመለስ።

ዞር ብላ እጄን አየች። እጄ አሁንም ግማሽ ላይ ነበር፣ ረስቼዋለሁ። «ተባረክ» አለችኝ።

እኔም «አሜን» አልኩ።

እዚህ ላይ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እዚህ ላይ ነኝ። እጄ ተሳስቶ ሊቆጠር ይችላል፤ ይሁን። «አሜን» ግን በስህተት አይወጣም። ወይስ ይወጣል? እኛ ዘንድ ሲመርቁህ አሜን ሳትል መቅረት ነውር ነው። ምላስ ራሱ ያውቀዋል። ግን ቆይ፣ ምላሴ ካወቀው እኔ ምን ላድርግ? «ይቅርታ እትዬ፣ እኔ እንኳ እጄን ያወጣሁት ለጥያቄ ነው፣ ምርቃቱን መልሺው» ልበላት?

እና ደግሞ፣ ጥያቄው። ቅድም ስንት ልጅ ቆጠራችሁ የሚል ነበር አልኳችሁ። ለእህቴም እንዲያ ነው የነገርኳት። ዛሬ ሳስበው እርግጠኛ አይደለሁም። ልጆቹስ የት ይጫወታሉ የሚል ሳይሆን አይቀርም የነበረው። ከድንጋዮቹ ኋላ አምስት ስድስት ሕፃናት ኳስ ይዘው እስክንነሳላቸው ይጠብቁ ነበር። አንዱ እግሩን እያፈራረቀ ነበር የቆመው። በወረቀት ደንብ መሠረት ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ነው። የእኛ ሰፈር ሠላሳ በመቶ ክፍት ቦታ ማለት ያ ሜዳ ነው። አንድ ሄክታር እንኳ አይሞላም። በእርሱ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ሲቆም የልጆቹ እረፍት ደረጃው ላይ ሊሆን ነው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደግሞ ምንም ጥያቄ ላይኖረኝ ይችላል። ሰው በተሰበሰበበት መናገር እወዳለሁ፤ ታውቁኛላችሁ። እጄ ቀደመኝ፣ ጥያቄውን ልነሳ ስል አገኘዋለሁ ብዬ ይሆናል።

በነገራችን ላይ ውጤቱ ሃምሳ ስምንት ድጋፍ፣ ዘጠኝ ተቃውሞ፣ ድምፀ ተዓቅቦ የለም። የእኔ እጅ ቢወጣ ባይወጣ የሚለውጠው ነገር አልነበረም። እህቴም እንዲያ ብላ ልታጽናናኝ ሞክራለች። አላጽናናኝም። «ድምፀ ተዓቅቦ የለም» የሚለው ሲነበብ አንድ ሰው መሆኔ ተሰማኝ፤ ያ አንድ እኔ ነበርኩ። ወይም አልነበርኩም። ምክንያቱም ያን ምሽት በአስፋልቱ ስመለስ የከሰዓት ፈረቃ ልጆችን ባለፈው ማክሰኞ እንዳየኋቸው አስታወስኳቸው፤ ደብተራቸውን በብብታቸው ሸጉጠው፣ እጃቸው በብርድ እጅጌያቸው ውስጥ ተሰብስቦ፣ የጭነት መኪናው እስኪያልፍ መንገዱ ዳር ተደርድረው። ያኔ ሁለቱንም እጄን ባወጣሁ አልኩ። ቤት ገብቼ እራቴን በልቼ ደግሞ ያ እግሩን የሚያፈራርቀው ሕፃን መጣብኝ።

ሰኞ ሄጄ ቃለ ጉባኤው ይስተካከልልኝ ልል አስቤ ነበር። እስከ በሩ ደርሻለሁ። ምን ብዬ? «አርባ ሦስተኛው እጅ እኔ ነኝ፤ እጄ ሐሳቡን ገና አልጨረሰም»? ዘበኛው ምን ፈልገህ ነው አለኝ፤ መታወቂያ ላሳድስ አልኩት። አሁን የማይታደስ መታወቂያ ላሳድስ ተሰልፌ...

ቆሎው። ትናንት ከእትዬ ሁለት ብርጭቆ ገዛሁ። ሰፍራ ጨረሰችና ሌላ ሙሉ ብርጭቆ ገለበጠችልኝ። ምርቃት ሁልጊዜ ጭብጥ ነው፣ ቢበዛ ጭብጥ ተኩል። «ኧረ በዛ» አልኳት። «ውሰድ፣ አንተ የእኛ ሰው ነህ» አለችኝ። ወሰድኩ። ይኸው እዚህ ነው፣ አልበላሁትም፤ ማለት ትንሽ በልቻለሁ፣ ሽምብራውን ለይቼ። ልመልሰው ብዬም... ቆሎ ደግሞ ምን ተብሎ ይመለሳል፣ እርሷም ትቀየመኛለች፣ ልጅቷም... ይኸው፣ ዶሮው ጀመረ።