ዘንድሮ መንደሩ ውስጥ እንደር

በዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንደምን ዋላችሁ! ከዚሁ ከቶኪዮም ሆነ ከናጎያና ከኦሳካ ድረስ ለመጣችሁ ሁሉ፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ በመምጣታችሁ በተለይ ደስ ብሎኛል።

የሥራ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን፣ ሒሳቡን ደግሞ ገንዘብ ያዣችን ያቀርባሉ። እኔ የማነሣው አንድ ጉዳይ ነው። ወደ ጃፓን ተራሮች ስንወጣ ጠዋት ሄደን ማታ መመለስ ለምዶብናል። ፎቶ እንነሣለን፣ ከጣቢያው ሱቅ በገዛነው ምሳ እንመገባለን፣ በመጨረሻው ባቡር እንገባለን። ዘንድሮ ይህ እንዲቀየር እፈልጋለሁ። የምንሄድባቸው ቦታዎች ይቀነሱ፤ በሄድንበት ግን እንደር። ለምን እንደምል ላስረዳ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ብዙዎቻችሁ በኪሶ ሸለቆ ከማጎሜ እስከ ጹማጎ ያለውን የእግር መንገድ ታውቁታላችሁ። ድሮ ኤዶን (የዛሬዋን ቶኪዮ) ከኪዮቶ ያገናኝ የነበረው የናካሰንዶ መንገድ ቁራጭ ነው። ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ልጆችም ይችሉታል። በየመሀሉ ደወል ተሰቅሏል። መንገደኛው እየደወለ ያልፋል፤ ድብ ካለ የሰው ድምፅ ሰምቶ ይርቃል። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ አሮጌ ሻይ ቤት አለ። የአካባቢው ሰዎች በፈቃደኝነት ሻይ አፍልተው አላፊ አግዳሚውን በነጻ ያስተናግዳሉ።

ባቡሩና አዲሱ አውራ ጎዳና በሌላ በኩል ሲያልፉ ጹማጎ ገበያ አጥታ፣ ወጣቱም እየለቀቀ ሄዶባት ነበር። ነዋሪዎቹ ግን መከሩ። በ1971 አንድ ቃል ኪዳን አጸደቁ፤ የመንደሩ ቤት አይሸጥም፣ አይከራይም፣ አይፈርስም። የኤሌክትሪክ ሽቦውን ከዋናው መንገድ ዳር አነሡት፣ ቀን ቀን መኪና እንዳያልፍ ከለከሉ። ዛሬ የምናደንቀው የእንጨት ቤት ሁሉ በዚያ ስምምነት የቆመ ነው። እኔ ይህን መንደር የምወደው ከመልኩ በፊት ለዚህ ነው።

ሁሉም መንደር ይህ ዕድል አልገጠመውም። በሺኮኩ ደሴት፣ በኢያ ሸለቆ ውስጥ ናጎሮ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ትምህርት ቤቷ በ2012 ተዘግቷል። አንዲት የመንደሩ ሴት የሞቱትንና የሄዱትን ጎረቤቶቿን የሚመስሉ ትልልቅ አሻንጉሊቶች እየሰፋች በየደጁ ታስቀምጣለች። በክፍሉ ወንበር ላይ የተቀመጡት ተማሪዎችም እነሱው ናቸው። በአገሪቱ በ2023 በተደረገው ቆጠራ ዘጠኝ ሚሊዮን ገደማ ቤት ባዶ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህ እኛን ተጓዦችን በቀጥታ ይነካናል። የተራራ መንገድ በራሱ ክፍት ሆኖ አይቆይም። ሣሩን የሚያጭድ፣ በዝናብ የተናደውን የሚጠግን፣ ምልክቱን የሚተክል ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ሲያረጅና ተተኪ ሲያጣ መንገዱን ጫካ ይውጠዋል። እርሻው ጦሙን ሲያድር፣ ለቃሚ ያጣው ካኪ የሚባለው ጣፋጭ ፍሬ ዛፉ ላይ ሲቀር ድቡም ወደ ቤት ደጃፍ ይወርዳል። በ2025 በድብ ጥቃት ከ10 በላይ ሰዎች መሞታቸውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ለዚህ ሌሎችም ምክንያቶች አሉ፤ የመንደሮቹ ባዶ መሆን ግን አንዱ ነው።

ታዲያ የእኛ አንድ ሌሊት ምን ይፈይዳል? ሺራካዋ-ጎ የሚባለውን የተራራ መንደር ተመልከቱ። ከጎካያማ ጋር በ1995 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ይመጣል፤ አብዛኛው በአውቶቡስ መጥቶ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ይመለሳል። የሣር ጣሪያው ቁልቁለት ስድሳ ዲግሪ ያህል ነው፤ በክረምት የሚከመርበትን በረዶ የሚያራግፈው በዚህ ነው። ማገሩ በሚስማር ሳይሆን በገመድና በለጋ እንጨት የታሰረ ነው። ድሮ ከጣሪያው ሥር የሐር ትል ያረቡ ነበር። ክዳኑ ከ30 እስከ 40 ዓመት ባለው ጊዜ አንዴ ይታደሳል። የዚያን ዕለት እስከ 200 ሰው ተሰብስቦ አንዱን ጎን በአንድ ቀን ከድኖ ይጨርሳል፤ ሴቶቹ ምግቡን ያሰናዳሉ፣ ጣሪያ ላይ ያሉት ሣሩን እየተቀባበሉ ያስራሉ፤ ልክ እንደ እኛ አገር ደቦ። ይህን ሁሉ ሰው ሊያገናኝ የሚችለው መንደሩ ውስጥ ኑሮ ሲኖር ነው። ለማደሪያ የሚከፍል እንግዳ ካለ ልጅ ተመልሶ የእናቱን ቤት ይረከባል።

አዳዲስ አባላት ስላላችሁ ስለ ማደሪያው ትንሽ ልበል። ሚንሹኩ ማለት ቤተሰብ የሚኖርበት፣ ለእንግዳም ክፍል የሚያከራይ ቤት ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። እራት ብዙ ጊዜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ አርፍዶ መድረስ ባለቤቶቹን ያስጨንቃል። ወደ ሙቅ ውኃው ገንዳ ከመግባት በፊት ከገንዳው ውጭ በደንብ መታጠብ ግዴታ ነው። ኢሮሪ በሚሉት ምድጃ ዙሪያ ጨው የተነሰነሰበት የወንዝ ዓሣ በእንጨት ተሰክቶ ቀስ እያለ ይጠበሳል። የምግቡ ነገር በዕለቱ ስልክ ተደውሎ የሚለወጥ አይደለም፤ ለእኛ ሲሉ ከቀናት በፊት ያስባሉ። ስለዚህ ቀጠሮ አፍርሰን አንቅር።

ጾመኞች አደራችሁን ቀድማችሁ ተናገሩ። አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባ እንኳ ብዙ ጊዜ ዳሺ አለበት፤ ዳሺ ደግሞ ከደረቀ ዓሣ ሊሠራ ይችላል። ሙስሊም ወንድሞችና እህቶችም ሚሪን የሚባለው ማጣፈጫ አልኮል እንዳለበት እወቁ። ስናስይዝ ከነገርናቸው ብዙዎቹ በደስታ ይረዱናል።

ከዚህ ተነሥተን ኮሚቴው ሦስት ጉዞ ያቀርባል። ለወጣቶቹ በፀደይ ወደ ሚናካሚ፤ በረዶው ቀልጦ ቶኔ ወንዝ ሲሞላ በጀልባ መቅዘፍ ነው። ዋና የማይችል ቀድሞ ያሳውቅ፤ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ሳይለብስ ወንዝ የሚገባ አይኖርም። በጃፓን በጋ (በእኛ አገር ክረምት) ወደ ያማጋታ፣ ሃጉሮ ተራራ። በዝግባ መሀል 2,446 የድንጋይ ደረጃ አለው። ነጭ የለበሱት የተራራ መናንያን የዛጎል መለከት እየነፉ ሲያልፉ ማየት ይቻላል። ሥጋም ዓሣም የሌለበትን የቤተ መቅደስ ምግብ የሚያቀርቡ ማደሪያዎች ስላሉ ለፍልሰታ ጾመኞች ይመቻል።

በመኸር ደግሞ ኢያ። እዚያ ከወንዙ 14 ሜትር ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ፣ 45 ሜትር ርዝመት ያለው የሐረግ ድልድይ አለ። በየሦስት ዓመቱ እንደገና ይሠራል፤ ውስጡ ለጥንቃቄ የብረት ገመድ ተደብቋል። መርገጫው ክፍተት ስላለው ውኃው ከእግራችሁ ሥር ይታያል፤ ሕፃን ያዘለ ባይሻገር ይሻላል። የዚህ ጉዞ ማደሪያ ሦስት ሌሊት እንዲሆንና በሚቀጥለው ዓመትም ወደዚያው መንደር እንድንመለስ እጠይቃለሁ። አንድ ቀን ሙሉ ለመንገድ ጠረጋ ብንሰጥ ደግሞ ከዚያ ሁሉ የበለጠ ደስታ ይሰማኛል፤ ቤቶቹ ፈቃደኛ መሆናቸውን ኮሚቴው ቀድሞ ይጠይቅ።

ለሁሉም ጉዞ የመውጫ ዕቅዳችንን ለፖሊስ እናስገባለን፣ የድብ ደወል እንይዛለን። አውሎ ነፋስ ከተተነበየ ጉዞው ይቀራል፤ በዚህ ክርክር አይኖርም።

የማደሪያው ወጪ ከቀን ጉዞ ይበልጣል። ለቤተሰብና ለተማሪዎች ከማኅበሩ ገንዘብ ምን ያህል ይደጎም የሚለውን ዛሬ በድምፅ እንወስናለን። እባካችሁ ሐሳባችሁን በግልጽ ተናገሩ። ጉባኤው መከፈቱን እያበሠርኩ፣ ጸሐፊያችን ሪፖርታቸውን እንዲያቀርቡ እጋብዛለሁ። አመሰግናለሁ።