የሉሲ ፀጉር እና የቀይ ፍርሃት

ሄለን፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ሉሲ ነው። ስለ ድንቅነሽ አይደለም፣ ተረጋጉ። ስለ አሜሪካዊቷ ኮሜዲያን ሉሲል ቦል ነው።

ዳዊት፦ ዓመቶቹም በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ሄለን፦ «አይ ላቭ ሉሲ» የሚባለው አስቂኝ ድራማዋ ሰኞ ማታ በሲቢኤስ ቴሌቪዥን ይታይ ነበር። ጃንዋሪ 19 ቀን 1953 ሉሲ ወንድ ልጅ የምትወልድበትን ክፍል 44 ሚሊዮን ሰው አየው። በማግስቱ አይዘንሃወር ቃለ መሐላ ሲፈጽም ያየው 29 ሚሊዮን ነው።

ዳዊት፦ ፕሬዚዳንቱን በለጠችው በይኛ!

ሄለን፦ ሴትየዋ እኮ በእውነትም የወለደችው በዚያው ቀን ነው። ነፍሰ ጡር ሴት በቴሌቪዥን ማሳየት ደግሞ ያን ጊዜ ያስፈራ ነበር። ስክሪፕቱን ቄስ፣ ፓስተርና ራባይ ያዩት ነበር።

ዳዊት፦ ከዚያ ሴፕቴምበር ላይ ጉዱ መጣ።

ሄለን፦ መጣ። ዋልተር ዊንቸል የሚባል የታወቀ ሐሜተኛ ጋዜጠኛ በሬዲዮ ወሬውን ለቀቀው። ስሟን አልጠራም። አንደኛዋ የቴሌቪዥን ኮሜዲያን የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበረች አለ። ያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ኮሚኒስት፣ በእነሱ አጠራር «ቀይ»፣ መባል እንጀራ ያሳጣ ነበር፤ የቀይ ፍርሃት የሚባለው ይኼ ነው። አንደኛዋ ማን እንደሆነች ደግሞ አገር ያውቃል።

ዳዊት፦ እውነት ነበር እንዴ?

ሄለን፦ በከፊል። 1936 ላይ ለመራጭነት ስትመዘገብ በኮሚኒስት ፓርቲ ስም ነው የተመዘገበችው። ካርዱ በጋዜጣ ወጣ። እሷ ያለችው፣ አያቴን ደስ ለማሰኘት ነው ያደረግኩት ነው። ፍሬድ ሀንት ይባላሉ፣ የለየላቸው ሶሻሊስት ነበሩ። አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

ዳዊት፦ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ!

ሄለን፦ ይህን ቃል የሰጠችው ለተወካዮች ምክር ቤት የፀረ አሜሪካ እንቅስቃሴዎች ኮሚቴ መርማሪ ነው። ብዙ ሰው ኮሚኒስት በማሳደድ ከታወቀው ከማካርቲ ጋር ያምታታዋል። ማካርቲ ሴናተር ነበር፣ ይኼ ሌላ ነው።

ዳዊት፦ እኔ የምወደው የአርብ ማታውን ነው። ስቱዲዮው ውስጥ ተመልካች ተቀምጧል። ቀረጻው ሊጀመር ነው። ሁሉም ወሬውን ሰምቷል። ባሏ ዴሲ አርናዝ፣ የኩባ ተወላጁ፣ ወጣና ሕዝቡን አነጋገረ። ከዚያ እሷን ሲጠራ «ሉሲ ላይ ቀይ የሆነው ፀጉሯ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የእውነት አይደለም» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ።

ሄለን፦ ፀጉሯን ቀለም ትቀባ ነበርና። ቆንጆ ቀልድ ነው። ግን ያዳናት ቀልዱ አይመስለኝም።

ዳዊት፦ ሕዝቡ ይወዳታል እኮ።

ሄለን፦ ሕዝቡ ፊሊፕ ሎብንም ይወደው ነበር። «ጎልድበርግስ» የሚባል ድራማ ላይ አባወራውን የሚጫወተው። የተዋንያን ማኅበር ውስጥ ለልምምድ ሰዓት ክፍያ የታገለ ሰው ነው። 1950 ላይ «ሬድ ቻናልስ» የሚባል ቡክሌት ወጣ። በኮሚኒስትነት የተጠረጠሩ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰዎች 151 ስም አለበት። ሕግ አይደለም፣ ፍርድ ቤትም አላየውም። የሎብ ስም እዚያ ውስጥ አለ።

ዳዊት፦ መንግሥት ሳይሆን የግል አሳታሚ ነው ያወጣው?

ሄለን፦ አዎ! ቴሌቪዥን ላይ ማን ይሥራ፣ ማን አይሥራ ብሎ የሚወስነው ማስታወቂያ ከፋዩ ነበር። የድራማው ደራሲ ገርትሩድ በርግ አላባርረውም ብላ ነበር። ስፖንሰሩ ጄኔራል ፉድስ ወጣ፣ ሲቢኤስም ድራማውን ጣለው። በሌላ ጣቢያ የተመለሰው ሎብ ከሌለበት በኋላ ነው። የአእምሮ ሕመም ያለበት ልጅ ነበረው፣ የሚያሳክምበት ገንዘብ ያስፈልገዋል። 1955 ላይ ራሱን አጠፋ።

ዳዊት፦ እና የሉሲ ስፖንሰር?

ሄለን፦ ፊሊፕ ሞሪስ፣ የሲጋራው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የ8 ሚሊዮን ዶላር ውል ተፈራርመው ነበር። ማን ያን ሁሉ ብር ጥሎ ይሄዳል?

ዳዊት፦ ጨካኝ ነሽ። ትንሽ እንኳ ለፍቅር አትተዪለትም?

ሄለን፦ ፍቅሩማ ነው ሲጋራውን የሚሸጠው።

ዳዊት፦ እሺ፣ ተሸነፍኩ። በሚቀጥለው የጥቁር መዝገቡን፣ ማለትም በኮሚኒስትነት ተጠርጥረው ሥራ የተነፈጉትን፣ የጽሑፍ ሰዎች እናያለን። 1957 ላይ ሮበርት ሪች የሚባል ጸሐፊ ኦስካር አሸነፈ። እንዲህ የሚባል ጸሐፊ ግን አልነበረም።

ሄለን፦ ማን እንደነበረ አትናገር!

ዳዊት፦ አልናገርም። ቻው።