በሬና አራጅ
(በዳግማ ትንሣኤ ዕለት፣ አዲስ አበባ ለተሰበሰቡ የመንዝ ተወላጆች የተደረገ ንግግር)

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እዚህ ከተማ የተወለዳችሁ ልጆቻችንም፤ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ።

ኮሚቴው «ስለ አገር ቤት ኑሮ አሥር ደቂቃ ተናገር» ብሎኛል። ጥሬው እስኪቆረጥ ሰው እንዳይሰለቸው ነው፤ ገብቶኛል።

ውርጩን ታስታውሳላችሁ። ጠዋት በር ሲከፈት ሜዳው ነጭ ነው። እግራችን ባዶ ነው። ላም ስትሸና ሮጠን እግራችንን እናሞቅ ነበር። አትሳቁ፤ ያላደረገ እጁን ያውጣ! ይኼ ሁሉ ይናፍቀኛል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህማ ብሶብኛል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ዝናብ ሲያስገመግም «በጎቹ ገቡ ወይ?» ልል አፌ ላይ ይመጣል።

ስለ አንድ በግ ልንገራችሁ። ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። አንዲት በጋችን ወልዳ ሞተች። እማዬ ግልገሉን አይታ «ይኼ አያድግም» አለች። እኔ ጣቴን ወተት ውስጥ እየነከርኩ አጠባሁት። ሌሊት ከባናዬ ሥር አስተኛው ነበር። ግንባሩ ላይ ነጭ ስለነበረው ቦራ አልኩት። ስጠራው ከመንጋው ተነጥሎ ይመጣል። ውሻም እንዲያ አይታዘዝ።

በሁለተኛው ፋሲካ አባቴ ቢላውን ሲስል የትኛው በግ እንደሆነ አልጠየቅሁም። የበኩር ልጅ ነኝና እግር የምይዘው እኔ ነኝ። አባቴ በጉን ወደ ምሥራቅ አዞረው። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ከማለቱ በፊት ግን ግንባሩን በመዳፉ ሁለቴ ዳበሰው። እኔን እንኳ እንዲያ ሲዳብሰኝ አላስታውስም።

ሲያልቅ ሮጬ ከጎታው ጀርባ ተደበቅሁ። ዶሮ ወጡን በላሁ፤ በጉን ግን አልነካም አልኩ። ለዶሮዋ ስም ስላላወጣሁላት ይሆናል። በሦስተኛው ቀን እማዬ ምንም ሳትናገር ጥብሱን አጠገቤ አስቀምጣ ወጣች። በላሁ። ጣፈጠኝ። ይኸው ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እንደጣፈጠኝ ሳስብ አፍራለሁ። የጥብስ ሽታ ሲመጣ ደግሞ ምራቄን እውጣለሁ። ያን ክረምት በአጎዛው ላይ ተኛሁ። ሞቀኝ።

«በሬ ካራጁ ይውላል» እንላለን። የምንስቀው በበሬው ሞኝነት ነው። እኔ ግን ተረቱ ስለ አራጁ ይመስለኛል። አብሮት ውሏል። ያውቀዋል። እያወቀው ነው ቢላ የሚያነሣው። ያረሰ በሬ ሲያረጅ ገበያ የሚወስደው አጎቴ ነበር። አባቴ ያን ቀን ከቤት ይጠፋል።

እኛስ ከበሬው ጋር የት ዋልን? በጉ አራት እግሩን ታስሮ በመኪና ጣሪያ ላይ ከአገር ቤት ይመጣል። ገበያ ላይ ላቱን እየመዘንን እንከራከራለን። ሞተር ሳይክል ላይ ዘቅዝቀን እንጭነዋለን። አራጅ በስልክ እንጠራለን። «ልጆቹ እንዳያዩ መጋረጃውን ዝጉ» እንላለን። ቅርጫ ላይ ደግሞ «መደቤ አነሰ» ብለን ከጎረቤት እንጣላለን።

ሥጋ አትብሉ ልል አልመጣሁም። ቤተ ክርስቲያናችንም ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም 55 ቀን ተዉት አለች እንጂ ጨርሶ አትብሉ አላለችም። አሁን በዓለ ሃምሳ ነው፤ እኔም ዛሬ እበላለሁ።

ቀጥሎ ያለውን የጻፍኩት ግን ዛሬ ጠዋት፣ መኪና ውስጥ ነው። ማልጄ መጥቼ ነበር። ከአዳራሹ ጓሮ ሁለት በሬዎች ታስረዋል። ከትናንት ማታ ጀምሮ እንደሆነ ጥበቃው ነገረኝ። ገመዱ ከማጠሩ የተነሣ መተኛት እንኳ አይችሉም። ውሃ የሰጣቸው ሰው የለም። እኛ! የመንዝ ልጆች! በበግ ጠጉር ባና ተጠቅልለን ያደግን ሰዎች! ይኼ የምትረግጡት ቄጤማ እኮ ለበሬ መኖ ነው። አንድ እፍኝ የሰጠው የለም። ድምፅ ማጉያ ለመከራየት ሦስት ጊዜ ተሰብስበናል። ለአንድ ባልዲ ውሃ ማን ተመደበ? «ነገ ለሚታረድ በሬ ምን ልዩነት አለው?» ያለኝ የኮሚቴ አባል አለ። ስሙን አልጠራም። ልዩነት ከሌለው አባቴ የቦራን ግንባር ለምን ዳበሰው?

ስለ ጓሳም፣ ስለ መንዙ የሣር ምድራችን፣ ጽፌ ነበር። አባቶቻችን ሣሩ የሚታጨድበትን ጊዜ በሥርዓት እየወሰኑ ስንት ዘመን እንደጠበቁት፣ ቀይ ቀበሮውም እስከ ዛሬ እዚያ እንዳለ ታውቃላችሁ። ናፍቆት እንደሚዋሽም ጽፌ ነበር። በልግ ሲከዳን ምን እንደሚመስል፣ 1977ን ያየ ሰው ከእኔ ይበልጥ ይናገራል። ጊዜዬ ግን አልቋል፤ ሰብሳቢው ሰዓቱን እያሳየኝ ነው።

አንዱ በሬ ታርዷል። ሁለተኛው ለነገ ቅርጫ ነው ተብሏል፤ አሁንም ከጓሮ ነው። ባልዲው ከቧንቧው ሥር አለ፤ ጠዋት ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። አሁን ወደዚያ ልሄድ ነው። አብሮኝ መምጣት የሚፈልግ ልጅ ካለ ይነሣ።